በአያ ደምሌ ድምፅ የተቃኘው በገና

እታለም ብርቄ ማረፋቸውን የነገረኝ የይጁቤ ሚኒባስ ረዳት ነው። ሱቄ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ የአገሩ መርዶ ከስልክ በፊት በረዳት ይደርሰኛል። «ያቺን ካሴት ይዘው ይመላለሱ የነበሩት እናት አርፈዋል፤ ልጃቸው ከባሕር ዳር እስኪደርስ ቀብሩ ነገ ተብሏል» አለኝና ተሳፋሪ ሊጠራ ሮጠ። እጄ ላይ የአንድ ተማሪ ስልክ ተፈትቶ ነበር። ብሎኖቹን እንደተበተኑ ትቼ ሱቁን ዘጋሁ። ተማሪው በኋላ ቢያኮርፈኝም አልፈረድኩበትም።

ዘመዴ አይደሉም፣ ጎረቤቴም አልነበሩም። ያወቅኳቸው ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ነው። ሬዲዮና ቴፕ መጠገን የጀመርኩት ጢሜ ሳይወጣ ነው፤ አሁን ግን ቴፕ የሚያመጣልኝ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ የስልክ መስታወት ስቀይር እውላለሁ። አሮጌዎቹ ቴፖች መደርደሪያው ላይ ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። ሚስቴ ጣላቸው ብትለኝም እጄ እንቢ ይለኛል። እታለም ብርቄ ከእኔ በፊት ያዩት እነሱን ነው።

«እነዚህ በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«አንዳንዶቹ አሉ፣ እታለም።»

«እንግዲያውስ የኔንም ሰው ያናግሩልኛል» ብለው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ካሴት ፈቱ።

አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ሰው የሚለውን በደንብ ሊሰሙ ሲፈልጉ ነጠላቸውን ከአንድ ጆሯቸው ገለጥ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቴፕ ሲሰሙ ደግሞ መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ያሳርፋሉ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነኩ። መጀመሪያ ሳየው ቴፑ እንዳይወድቅ የያዙልኝ መስሎኝ «ግዴለም አይወድቅም» አልኳቸው። «እኔስ መች ይወድቃል አልኩ» ብለው መዳፋቸውን ሳያነሱ መለሱልኝ።

ካሴቱን አንደኛው ቴፕ ውስጥ ከተትኩት። በገና ተሰማ፣ ወዲያው የሰው ድምፅ ገባ። ጥቂት ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄማ ቅዳሴ ያረፈደበት ዲያቆን ነው። ምን አስሮጠው?»

ሁለተኛው ላይ አደረግኩት። «ይሄ ደግሞ ጠጅ ጠጥቷል። የኔ ሰው ጠጅ አይነካም።» ሦስተኛው ላይ ሳደርገው ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ወንድሙን ይመስላል» አሉ በመጨረሻ፣ «እሱን ግን አይደለም።»

ቴፕ ሁሉ እኩል እንደማይሮጥ አስረዳኋቸው። የአንዱ ላስቲክ ረግቧል፣ የሌላው ሞተር ደክሟል፤ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ሞተሩ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን በካቻቢቴ ሳዞር የፈለግኩት ድረስ ላፈጥነው ወይም ላዘገየው እችላለሁ። «የትኛው ላይ ላቁመው?» አልኳቸው። ይህን የጠየቅኩት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው። እሳቸው ግን ወንበር ላይ ቁጭ አሉና የመጡበትን ነገር ነገሩኝ።

ባለቤታቸው አያ ደምሌ ይጁቤ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። በገናውንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ገበቴውን ጠርበው፣ ቆዳውን ወጥረው፣ አሥሩን አውታር ከበግ አንጀት ገምደው። በገና እንግዲህ የሚቃኘው በባለቤቱ ጉሮሮ ነው። ድምፁ ወፍራም ለሆነ ሰው አውታሩ ይረግባል፣ ቀጭን ለሆነ ይወጠራል። የአንዱ ቅኝት ለሌላው አይሆንም። አያ ደምሌ ደግሞ በገናቸውን ብቻቸውን ቃኝተው አያውቁም። እሳቸው በገናውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ያንጎራጉራሉ፤ እታለም ብርቄ ከኋላ ቆመው ከላይ ያሉትን መቃኛ እንጨቶች ያዞራሉ። ትዳራቸውን ሙሉ የቃኙት እንዲህ ነው።

«ከኋላው ስለምቆም ፊቱን አላይም» አሉኝ። «የማየው ማጅራቱን ነው። ማጅራቱ ዘና ካለ ቅኝቱ ደረሰ ማለት ነው፣ እጄን አነሳለሁ።»

አያ ደምሌ ከሞቱ በኋላ በገናውን የደረደረው ሰው አልነበረም። እታለም ብርቄ መዝሙር አያውቁም፤ ጣታቸውም መደርደር አልለመደም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከግድግዳው አውርደው አቧራውን ያብሱለታል፤ አውታሮቹን አንድ በአንድ ነካ እያደረጉ የረገበውን ያጠብቃሉ። አንዱ ቢረግብ ዘጠኙ የት እንደነበረ ያስታውሱታል፤ እታለም ብርቄም በነሱ ልክ ይመልሱታል። ከዚያ ሁሉንም አንድ ጊዜ ይገርፏቸዋል። ቤቱ እዝዝ ይላል፤ ባላቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የነበረው ድምፅ ነው። «ሊዘምር ሲል ያለችዋን እሰማለሁ፤ ትበቃኛለች» አሉኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ መበለትነት ሰምቼ አላውቅም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ያ ነገር ሆነ። ዳኛቸው የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። እሱም በገና ይደረድራል፤ ግን ከብዙ ወጣቶች ጋር በኅብረት ነው። ብዙ በገና አብሮ ሲደረደር አንድ ዓይነት ቅኝት የግድ ነው፣ እሱንም ስልክ ላይ ካለ መቃኛ ይወስዳሉ። ያን ቀን እናቱ ዝክሩን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጁ የአባቱን በገና አወረደ። ስልኩን አስጠግቶ ሲነካው ጠቋሚው ከሁለት ድምፆች መሀል ላይ ቆመ። የሚጠብቀው እጅ ጠፍቶ ቅኝቱ የወላለቀ መሰለው። እናቱን ደስ ሊያሰኝ፣ አባቱንም ሊዘክር፣ አሥሩንም አውታር አንድ ሳያስቀር በስልኩ ልክ ቃኛቸው።

እታለም ብርቄ እንግዶቹን አስከትለው ሲመለሱ ልጃቸው እየደረደረ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። እሳቸው ደፉ ላይ ቆመው ሰሙት። በእንግዳ ፊት «እደግ፣ ተመንደግ» አሉት። ሰው ሲበተን ነው «ዳኜ፣ ከነበረበት መልሰው» ያሉት። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን የት እንደነበረ አያውቀውም፤ አሥሩም ተነካክተዋል፣ የሚያስታውስ አንድም አውታር የለም። እናቱ እግር ላይ ወደቀ።

«ስልክ ላይ የተቀዳ የለም?» አልኳቸው።

«ሁዳዴ ላይ ጸሎት ነው፣ አትቅዱኝ ይል ነበር። ይቺንም ወንድሙ ነው ዱሮ ተደብቆ የቀዳት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኛቸው በገና አልነካም። ዝማሬውንም ተወ። ለእናቱ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ይጁቤ ግን አልረገጠም። ሲደውል ከሰላምታ በፊት «እማ፣ አገኘሽው?» ነው የሚላቸው። «አላገኘሁትም» ሲሉት ሌላ ሳይጠይቅ ይዘጋል።

«የደምሌ ድምፅስ ሄደ ይባል» አሉኝ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ። «ልጄ ግን ተከትሎት እየሄደብኝ ነው። በምን ዓይኔ አይሻለሁ ይለኛል። ያን ድምፅ አግኝልኝና ልጄ ቤቱ ይግባ።»

እኔ ነገር ማለሳለስ የማልችል፣ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ላጠብቀው የማያስፈልገኝን ብሎን አጠበቅኩ።

በሁዳዴው ሳምንታት ገበያ በሌለበት ቀን እየመረጡ ይመጡ ነበር። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡና «እጅህ ሲሠራ አፍህ ሥራ አይፍታ» ይሉኛል። ለልጃቸው ደውዬ ስንት ላይ እንደቃኘው ጠየቅኩት። «አራት መቶ አርባ» አለኝ፤ ዓለም ሁሉ የተስማማበት ቁጥር ነው፣ መነሻው ድምፅ በሰከንድ የሚንቀጠቀጠው ልክ ነው ብሎ በደከመ ድምፅ አስረዳኝ። ይህን ለስልክ ጥገና ለመጡ ሁለት ጎረምሶች ብነግራቸው ሱቄ ጦርነት ሆነ። አንደኛው፣ ሙዚቃ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ሲቃኝ ነው ነፍስ የሚያክመው፣ አራት መቶ አርባ ሰው ያስጨንቃል አለ፤ ከኢንተርኔት ያየውን ሊያሳየኝ ስልኩን ቢፈልግ ስልኩ እኔ ጋ ተፈትቷል። ሌላኛው ሳቀበት። እታለም ብርቄ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እና ልጆቼ፣ የደምሌ ቁጥር ስንት ነበር?» አሉ።

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «እማማ፣ እሱን እንኳ ስልክም አያውቀው» አለ።

ካሴቷን ብዙ ጊዜ ስለሰማናት በቃሌ ይዣታለሁ። መሀሉ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። አንዲት ወጣት ሴት «እሽሽ፣ አባትህ ጸሎት ላይ ነው» ትለዋለች። ሕፃኑ ዳኛቸው፣ ሴትዮዋ እሳቸው ናቸው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አያ ደምሌ ዝማሬያቸውን ያቆማሉ፣ ከሩቅ ደወል ይሰማል፤ ደወሉ ሲያበቃ ይቀጥላሉ። አንድ ቀን እዚያ ላይ ስንደርስ ቴፑን አቆምኩት።

«እታለም፣ ይሄ ደወል የትኛው ነው?»

«ከቤታችን በላይ ያለው ነዋ። የኛ ደብር።»

«አሁንም እሱ ነው የሚደወለው?»

«የት ይሄዳል ብለህ ነው?»

ደወል አይሸመግልም፣ ቅኝቱም አይቀየርም። ካሴቷ ላይ ያለው ደወል ከእውነተኛው ደወል ጋር እስኪገጥም ብሎኗን ባዞራት፣ አያ ደምሌም በትክክለኛ ድምፃቸው ይዘምራሉ ማለት ነው። ነገሩን ሳስረዳቸው መሬቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔም ትልቅ ሰው መሆኔን ረስቼ እንደ ሕፃን ፈነጠዝኩ፣ እውነቴን ነው።

ቴፑን አቅፌ አብሬያቸው ይጁቤ ወረድኩ። ደዋዩ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ቢያሰሙን ብለን ስንለምናቸው አይሆንም አሉን፤ ያለ ሰዓቱ ከተደወለ አገሩ ሰው ሞተ ብሎ ከየእርሻው ይሰበሰባል። እውነታቸውን ነው። በጾም ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ደወሉ ሲደወል በስልኬ ቀዳሁት። እታለም ብርቄ ተሳልመው እስኪመጡ ታገሥኩና ቤታቸው ገብተን ሥራ ጀመርኩ። በገናው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በስልኬ ደወሉን፣ በቴፑ ደወሉን፣ እያፈራረቅኩ ብሎኗን አዞርኩ። ትንሽ አለፈ፣ መለስኩት። ትንሽ ጎደለ፣ ጨመርኩት። በመጨረሻ ሁለቱ ደወሎች አንድ ሆኑ፤ እሳቸውም ሳልጠይቃቸው «ደረሰ» አሉኝ።

ካሴቷን ወደ መጀመሪያው መልሼ ለቀቅኩት። መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ደምሌ ዘመሩ። ጥርት ያለ፣ ጉልበት ያለው ድምፅ ነው። የሴትዮዋ ፊት ሲፈታ አየሁ፤ ከንፈራቸው ፈገግ አለ፣ ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ቀላ።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ራሱ ነው። የሙሽርነቱ።»

ተነስቼ ልስማቸው ስል ዓይናቸውን ገለጡ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ልጄ፣ የሞተብኝ ግን ይሄ አይደለም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ያረጃል፣ ድምፁም አብሮት ይወርዳል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር አያ ደምሌ ሲያንጎራጉሩ ድምፃቸው ካምናው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ እታለም ብርቄም ከኋላ ቆመው አሥሩንም ትንሽ ትንሽ ያረግቡላቸው ነበር። በየዓመቱ እንዲሁ። ምን ያህል እንደሆነ የለካ የለም፤ መለኪያው የሰውዬው ማጅራት ነው። ካሴቷ የያዘችው ጎልማሳውን ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ሽማግሌው፣ ዳኛቸው በገናውን ባነሳ ጊዜ አውታሩ ላይ የነበረው፣ የትም የለም።

«ዝቅ እናድርገው?» አልኩ።

«እስከ የት?»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጥን ስልካቸው ጮኸ። ዳኛቸው ነው፣ ደወሉን እንደምንቀዳ ያውቅ ስለነበር መታገሥ አቅቶት ነው። እታለም ብርቄ ስልኩን አንስተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዳኜ» አሉት። «አገኘሁት የኔ ልጅ። አባትህ ገብቷል።»

ከስልኩ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ሲንሰቀሰቅ ይሰማኝ ነበር። «ተው አታልቅስ። በል ለፋሲካ ና፣ ራስህ ትሰማዋለህ» አሉትና ዘጉ። ከዚያ በገናውን እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። ልጁ ሊመጣ ነው፤ ሲመጣ የሚሰማው ነገር መኖር አለበት።

በገናውን አቁሜ ያዝኩላቸው። ከኋላ ቆመው የመጀመሪያውን መቃኛ ጨበጡ፤ ፊት ለፊት የሚያንጎራጉር ሰው ግን የለም። ጥቂት ጠብቀው ራሳቸው ጀመሩ። ሲያንጎራጉሩ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ዝቅ ሊል እየሞከረ የሚሰበር ድምፅ ነው። ዝቅ አሉ፣ አውታሩን አረገቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሰው ወጠሩት። አሁንም አልሆነም። እንዲህ ሲሉ ብዙ ቆዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ደርሰው ትንፋሻቸው አጠረ፣ ግንባራቸውን የበገናው ምሰሶ ላይ አስደገፉ።

«ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አይደለም። ደከመኝ።» ትንሽ አረፉና «ለልጄ ይበቃዋል» ብለው የቀሩትን አውታሮች በዚያው ልክ ቃኟቸው።

ዳኛቸው ለፋሲካ መጣ። ከበዓሉ ሳምንት በኋላ ሱቄ ብቅ ብለው «ደረደረ፣ በላ፣ ተኛ» አሉኝ። ስለ ቅኝቱ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አላነሱም። ቴፑን መደርደሪያው ላይ ሲያዩት ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ክረምቱን አልመጡም፤ ጉንፋን ነው ይባል ነበር።

ቀብሩ ላይ ዳኛቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል አየሁት። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ወጣት ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እህል ሲቀምስ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ቤት አስገባኝ። በገናውን ጨርቁን ገልጦ አሳየኝ። ወደ ባሕር ዳር ይዞት ሊሄድ ነው። ማንም እንዳይነካው፣ በስልክም እንዳይቃኝ፣ እስኪሞት ድረስ በዚሁ ልክ እንደሚጠብቀው ነገረኝ። ከሞተም ለልጁ እንደሚያወርሰው ነገረኝ።

«እማ የሄደችው ልቧ አርፎ ነው፤ ያገኘላት ሰው ደግሞ አንተ ነህ ጋሼ» አለ። ዓይኑ አብጧል። «የአባቴ ድምፅ ነው፣ አይደል?»

ከድንኳኑ የሰው ሹክሹክታ ይሰማል። ልጁ መልሴን እየጠበቀ አውታሮቹን በጣቱ ቀስ አድርጎ ገረፋቸው፣ ቤቱ እዝዝ አለ። እዚያ ውስጥ አያ ደምሌ የሉም። ያሉት እናቱ ናቸው፤ ደክሟቸው የቆሙበት ቦታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«አዎ» አልኩት። «አባትህ ነው።»